የሐረጎ ዳገትና የቢስክሌቴ ካምቢዮ

ቅዳሜ፣ ከሱብሒ በኋላ። ደሴ

ደሴ ገና ጉሟን አልገፈፈችም። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጠፍቷል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሜ የማየው የገዛ ትንፋሼንና የቢስክሌቴን መሪ ብቻ ነው። ከኋላ መጫኛዋ ላይ ሰሞኑን ስሰፋ የከረምኩት ልብስ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ሱሪ፣ ጀለቢያ፣ የልጆች እጀ ጠባብ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፋሁትን የሚረከቡኝ ኮምቦልቻ ያሉት ነጋዴ ሐጂ ይማም ናቸው።

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣችና ትኩስ ዳቦ ደረቴ ውስጥ ሸጎጠችልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እንደ አባት የሚያዩኝ አጎቴ ናቸው።

«ቀስ ብለህ ውረድ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ነው የሚሞት።»

«እኔን የሚገድለኝ ዳገቱ ነው እማ።»

እዚህ ላይ የቢስክሌቴን ጠባይ መንገር አለብኝ፤ ካልነገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባም። የገዛኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያን ነው። ሰውየው የሜዳ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከፊት ያለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ሰፌድ ያክላል፤ የኋላው ግን የልጅ መዳፍ አይሞላም። ይህ ማለት ፔዳሉን አንዴ ሲረግጡት ቢስክሌቷ ሩቅ ትሄዳለች ማለት ነው። ሜዳ ላይ ትበራለች። ዳገት ላይ ግን ያችን አንዲት እርግጫ ለመርገጥ የሁለት ሰው ጉልበት ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ሜዳ ብዬ የማውቀው የመስፊያ ጠረጴዛዬን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ እንደ ሹም ተቀምጬ እወርዳለሁ፤ ወደ ደሴ ደግሞ እንደ አሽከር እየገፋሁ እመለሳለሁ። መግፋቱ ቀኑን ይፈጃል፤ ከመሸ ደግሞ በኬላው ማለፍ ክልክል ነው። እናም በሄድኩ ቁጥር ሐጂ ይማም ቤት አድሬ በማግስቱ እነሳለሁ። ይህን አገር ያውቀዋል። አገር የማያውቀው፣ ወይም አያውቀውም ብዬ የማምነው፣ ሐጂ ይማም ዘሃራ የምትባል ልጅ እንዳለቻቸውና እኔ ከዳገቱ ይልቅ እሷን እያሰብኩ እንደማድር ነው።

ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ለምን ካምቢዮ አታስገባላትም?» ይለኛል። ካምቢዮ ማለት እንደ መኪናው ማርሽ ዳገት ሲመጣ የሚቀየር ነገር ነው፤ ጣልያኖቹ ለእሽቅድምድም ቢስክሌታቸው ያደርጉታል። «እያሰብኩበት ነው» እላለሁ። እውነቴን ነው። ክረምቱ አልፎ እሸት ደርሶ እሸቱም ታጭዷል፤ እኔ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ። ኬላው

የጣልያኑ አስካሪ ወታደር ጥቅልሉን አስፈታኝና ሱሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ብርሃን ያዘ።

«ይህ ሁሉ ያንተ ነው?»

«ከለበስኩት በቀር የኔ የለበትም።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ነገ፣ ኢንሻ አላህ።»

ቢስክሌቷን ከፊት እስከ ኋላ አያት። «ቢስክሌት እያለህ ነገ?» አለ። ሳቀብኝና አሳለፈኝ።

ከኬላው ወዲያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ስለ ጣልያን ብዙ የሚባል አለ፤ ስለ መንገዱ ግን እግሬ ውሸት አይናገርም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። በየመታጠፊያው ከሰል የተሸከሙ ሴቶች፣ ፍየል የሚነዱ ሰዎች፣ ወደ ላይ የሚያቃስቱ ካሚዮኖች። ጉሙ ከኋላዬ እየቀረ ሄደ። ሐረጎ መካከል ስደርስ ኮቴን አወለቅኩ፤ ጥቂት ወረድ ብዬ ሹራቤን። በመንገዱ ዳር ርቀት የተጻፈባቸው ድንጋዮች ተተክለዋል። ጽሕፈቱን አላነበውም፤ ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ለሚወርድም ለሚወጣም አንድ ነው። ድንጋዩን የተከለው ሰው በመኪና እየሄደ ነው የተከለው።

አንድ ምንጭ አጠገብ አንድ ካሚዮን አፍንጫው ተከፍቶ ይጤሳል። ሾፌሩ በጣሳ ውሃ ያጠጣዋል። ፍሬኔ ስለጋለ እኔም ቆምኩ።

«ይቺ ካምቢዮ የላትም እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«የላትም።»

«ካምቢዮ የሌለው ነገር ሐረጎን መውጣት የለበትም።»

«ያንተዋ አላት?»

«አራት!» አለ፤ ጣቶቹን ዘርግቶ።

«ታዲያ ለምን ቆመች?»

እንፋሎቱን አየ፤ እኔን አየ። «ደክሟት ነዋ» አለና ጣሳውን አቀበለኝ። ጠጣሁ። ውሃው ከብረቱ ጋር ተደባልቆ የምስማር ጣዕም ነበረው።

ረፋድ። ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ስትደርስ አየሩ እንደ ሞቀ ፎጣ ፊትህ ላይ ይለጠፋል። ቤንዚን፣ አቧራ፣ የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። የቆርቆሮ ጣራዎች በየሳምንቱ ይጨመራሉ፤ ባለፈው ድንኳን የነበረው ዛሬ ሱቅ ሆኖ ይጠብቃል። ቦርከና ወንዝ ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል።

መካኒኩ ተስፋይ ይባላል። ከአስመራ ከጣልያን ጋር የመጣ፣ የዘይት በርሜል ዘርግቶ ግድግዳ ያደረገ፣ ጢሙን የሚከረክም፣ ሲያወራ የማይደክመው ሰው ነው። ሳየው ሁልጊዜ ስለ ካምቢዮ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ በደስታ ያስረዳኛል፤ እኔም አመስግኜ እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ቀንህ ደረሰ። ተመልከት!»

ከተሰበረ የእሽቅድምድም ቢስክሌት የተነቀለ ካምቢዮ ነው። በኋላው ጎማ መካከል ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጥርሰ ብረት ተደርድረዋል። አንዲት ዘንግ አለች። እጅን ከኮርቻ ሥር ወደ ኋላ ሰድደው ይገፏታል፤ ሰንሰለቱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይዘላል።

«ከትልቁ ላይ ሲሆን፣ ዳገቱ ዳገት መሆኑን ይረሳል» አለ ተስፋይ።

«አንተ ሐረጎን ወጥተህበታል?»

«እኔ በካሚዮን ነው የምወጣ። መካኒክ ነኝ እኮ፣ ሞኝ አይደለሁም።»

ሌላም ምርጫ አቀረበልኝ፤ ካምቢዮውን ትቶ የኋላውን ትንሽ ብረት በአንድ ትልቅ ብቻ መለወጥ። ይህ ይረክሳል፤ የሚሰበርም ነገር የለበትም። ጉዳቱ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ነው። እግር እንደ መስፊያ መኪና ፔዳል በከንቱ ይሯሯጣል፤ ቢስክሌቷ ግን አትፈጥንም። ዋጋውን ሲነግረኝ ገንዘብ አልጠራም። በጣልያን አቆራረጥ የተሰፋ፣ መታጠፊያው በካውያ የተተኮሰ ሱሪ ነው የፈለገ። ለትልቁ ብረት አንድ ሱሪ፤ ለካምቢዮው ሱሪ ከነኮቱ።

እንግዲህ ሰበቤ ሁሉ አለቀ። ዕቃው አለ፤ ዋጋው በእጄ ሙያ የሚከፈል ነው፤ ጉልበቴም ከሐረጎ ጋር መታገል ሰልችቶታል። ብገዛው ግን በዚያው ቀን ወደ ደሴ መመለስ እችላለሁ። መመለስ የሚችል ሰው ደግሞ ምን ብሎ ሰው ቤት ያድራል? ተስፋይ ዘንጓን እያንቀሳቀሰ ሲያሳየኝ እኔ የማየው የሐጂ ይማምን የእንግዳ መደብ ነበር።

«ሐጂን ላማክራቸው» አልኩት።

«ሐጂ ቢስክሌት ይነዳሉ?»

«አይነዱም።»

«ጥሩ አማካሪ አገኘህ» አለና ካምቢዮውን መልሶ ጠቀለለው።

ከዝሁር በኋላ። ሐጂ ይማም ቤት

ሐጂ ይማም ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው። ልብሱን ሲረከቡ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ያያሉ፤ ከወደዱት ዝም ይላሉ። ያን ቀን ዝም አሉ። ሶላት ሰግደን ምሳ ቀረበ፤ የዘንጋዳ እንጀራ፣ ጎመን፣ በትልቅ ቅል የተናጠ እርጎ። በልቼ ስጠግብ ትራሱን ወደኔ ገፋ አደረጉና፣

«ሰይድ» አሉ።

«አቤት ሐጂ።»

«ከእንግዲህ እዚህ ቤት ባታድር ደስ ይለኛል።»

እጄ ላይ የነበረው የእርጎ ዋንጫ ከበደኝ። አስቀመጥኩት።

«ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን ሐጂ?»

«ጥፋትማ የለብህም። ወላሂ አንድም የለብህ። ለዚያ ነው የምነግርህ።» መቁጠሪያቸውን አነሡ። «ያን የቢስክሌት ነገር መካኒኩ አምጥቶልሃል አሉ። አስገጥመው። በብርሃን ወርደህ በብርሃን ተመለስ።»

«እሺ ሐጂ።»

«አጎትህ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።»

«ሰላም በልልኝ። ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል። ብቻቸውን ባይመጡም ቤቱ ሰፊ ነው።»

«እሺ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ጆሮዬ ግን መጀመሪያ ላይ ከሰማው ነገር ወዲያ አልሰማም። የተባረርኩ መሰለኝ። ጨዋ ሰው ሲያባርር የቤተሰብ ጤና ጠይቆ ነው የሚያባርር ብዬ አሰብኩ። እሳቸው መስጊድ ጉዳይ አለኝ ብለው ተነሡ፤ እኔም እጄን ልታጠብ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ዘሃራ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። ከዘሃራ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ እጅጌ አይሞላም። መጀመሪያ ያየችኝ ቀን፣ አቧራ ለብሼ፣ ጎማዋ ተንፍሶ እየገፋኋት ስደርስ፣ «ቢስክሌቷ ናት ያመጣችህ ወይስ አንተ ነህ ያመጣሃት?» ነበር ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ውሃውን ታንቆረቁርልኝ ጀመር። ፊቴን አይታ፣

«ምነው ጎመኑ አልጣመህም?» አለች።

«አባትሽ ከእንግዲህ እዚህ አታድርም አሉኝ።»

«ሰምቻለሁ።» ውሃው አልተቋረጠም። «ካምቢዮ የሚሉት ለመውረድ ነው ለመውጣት?»

«ለመውጣት።»

«አሁን በስንት ጊዜ አንዴ ትመጣለህ?»

«ሸቀጡ ሲጠራቀም፤ በወር ሁለት ቀን ቢሆን ነው።»

«ለምን?»

«ዳገቱ ነዋ ዘሃራ። ተመልሶ መውጣቱን ሳስበው…»

«እህ» አለች። ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገችው። «ዳገቱ ከቀለለልህ ታዲያ ከእንግዲህ ምኑን ትፈራለህ?»

ይህን ብላ ገባች። እኔ ውሃ የሚንጠባጠብ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ። በወራት ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። ሳላድር ብቀርም ቶሎ ቶሎ መምጣት እችላለሁ። ቢስክሌቴን ይዤ ወደ ተስፋይ ሄድኩ፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ በረርኩ።

ከሰዓት በኋላ። ተስፋይ ዘንድ

«ሐጂ ምን መከሩህ?» አለ ተስፋይ።

«ካምቢዮውን ግጠመው።»

«ትልቁን ብረት ብቻ ብታደርግ ይበቃሃል እኮ። ለዳገት ከሆነ…»

«ለዳገት ብቻ አይደለም። ለመምጣትም እፈጥንበታለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝና መፍቻውን አነሳ። ሰንሰለቱን በጠሰ፣ አስረዘመ፣ ጎማውን አወለቀ፣ እየሠራም ስለ አስመራ እሽቅድምድም አወራልኝ። በወሬው ውስጥ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው የእሱ ጓደኛ ነው። ሲጨርስ ኋላዋን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን አሽከረከረ፤ ዘንጓን ገፋት። «ቀጭ» አለ። ሰንሰለቱ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዘለለ። እኔ ደግሞ ሜትሬን አውጥቼ ወገቡንና ቁመቱን ለካሁት። ወገቡ ካሰብኩት በላይ ነበር፤ ካምቢዮው ጨርቅ በላብኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ሐረጎ ላይ

የመጀመሪያው መታጠፊያ ሁልጊዜ ከቢስክሌት የምወርድበት ቦታ ነው። እግሬ ለምዶ ሊወርድ ተነሳ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዘንጓን ገፋሁ። ቀጭ! ፔዳሉ ላላ። ቢስክሌቷ አልቆመችም፤ እኔም አልወረድኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረጎን በኮርቻ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ሰው ባየኝ ብዬ ግራ ቀኙን ተመለከትኩ።

ያየኝ ሰው ተገኘ። ከኮምቦልቻ የሚመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ባዶ ጆንያ የተጫነች አህያ ይነዳሉ። በጎናቸው አልፌ ልሄድ ነበር። ግን ተስፋይ ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። ትልቁ ብረት ዳገቱን ያቀላል እንጂ አያፈጥንም። እግሬ ይሯሯጣል፤ ቢስክሌቷ ከአህያዋ እኩል ትሄዳለች። ለማለፍ ብሞክር ትንፋሽ አጠረኝ፤ ለመቅረት ብሞክር ሚዛኔን ስቼ ልወድቅ ሆነ። እንዲሁ ጎን ለጎን ሆንን።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ። እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ብዙ ከተጓዝን በኋላ እግሬን አዩት። «ብትገፋው አይሻልህም?»

«ካምቢዮ አስገብቼባት ነው።»

«ያስገባኸው እንድትቀድም ነው?»

«እንድወጣ ነው።»

«አህያዬም ትወጣለች» አሉ፤ በክፋት አልነበረም፤ ነገሩ ገርሟቸው ነው።

የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው፤ ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ሸጠው ነው የሚመለሱት። ሌላ ምን ይወራል፤ ዳገቱ ረዥም ነው። ሐጂ ይማም ያሉኝን ነገርኳቸው፤ የልጅቱን ስም ብቻ አላነሳሁም። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«አባረውሃል ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። አንድ ጎረምሳ ውሃ ልጠጣ እያለ ደጄ ሲመላለስብኝ እንዲህ ነው ያባረርኩት፤ በጨዋ ደንብ።»

«እሱስ ምን ሆነ?»

«ከሌላ ጉድጓድ ይጠጣል።»

ልቤ ወደቀ። ፔዳሉ ግን ቀላል ነበርና እግሬ መሽከርከሩን አላቆመም። የአስርን ሶላት ለመስገድ ስወርድ ሽማግሌው ተሰናብተውኝ አህያቸውን ነዱ። ሰግጄ ስነሳ ቀዝቃዛው የደሴ ንፋስ ደረሰብኝ። ሹራቤን፣ ከዚያም ኮቴን ለበስኩ። ዘሃራ ያለችኝና ሽማግሌው ያሉኝ በራሴ ውስጥ ይጣላሉ። ቶሎ ቶሎ ብመጣ ምን ዋጋ አለው፣ አባትዮው ፊታቸውን ካዞሩብኝ?

መግሪብ ሲቃረብ። ደሴ

የኬላው አስካሪ ሳይቀየር ቆይቷል። «ነገ አላልክም ነበር?» አለኝ። በእጄ ወደ ኋላው ጎማ አመለከትኩት። ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ጓዶቹ ተጣራ፤ ሦስት ሆነው ዘንጓን እየነካኩ ሲፈትሹ ጀንበሯ ልትገባ ሆነ። እኔን የፈተሸ ግን የለም።

እናቴ በሩ ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

«ምን ሆንክ? ተዘረፍክ?»

«ካምቢዮ አስገባሁ።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው?»

ቢስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ሐጂ ይማም ከቤቴ አትደር አሉኝ እማ። ጥፋት የለብህም፣ ለዚያ ነው የምነግርህ አሉ። እስቲ ይሄ ምን ማለት ነው? ጥፋት የሌለበት ሰው ይባረራል?»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ምንም። የአጎቴን ጤና ጠየቁ።»

«ጤናውን ብቻ?»

«ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል አሉ። ብቻቸውን ባይመጡም ቤቱ ሰፊ ነው አሉ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያለቀሰች መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። እየሳቀች ነው።

«ኧረ በነቢ! አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህንም ከቢስክሌቷ ጋር አብረህ ነው ከጣልያኑ የገዛኸው? እንግዳ ነው የሚያድር። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ልጅቱ ካለችበት ጣራ ሥር ያድራል? ሰውየው አላባረሩህም። ሽማግሌ ላክ ነው ያሉህ!»

«ግን እንዲያ ብለው አልነገሩኝም…»

«የልጅቱ አባት በምን አፉ ይነግርሃል? ተነስ!»

«ወዴት?»

«አጎትህ ዘንድ ነዋ!»

የአጎቴ ቤት ከኛ በላይ፣ አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። ቢስክሌቷን አልነካኋትም። ዘንግ መግፋትና ሰንሰለት ማዝለል ያን ሰዓት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ሐረጎን በወጣሁበት በዚያው እግሬ ሮጥኩ። በሩን ስደበድብ አጎቴ ኩራዝ ይዘው ከፈቱ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ፤ ትንፋሼን ሰምተው።

«ማንም። ኮምቦልቻ… ኮምቦልቻ ይወርዱልኛል።»

አጎቴ ኩራዙን ከፍ አድርገው አዩኝ። ለምን ብለው አልጠየቁም። ከግድግዳው ላይ ጥምጣማቸውን አወረዱና አቧራውን አራገፉ።

«ሐጂ ይማም ዘንድ ነዋ» አሉ። «እኔስ ክረምቱን ሙሉ መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።»